ተዝካር ያልወጣለት ዘመን

በአማርኛ ቋንቋ ሁለት ዐይነት ማስታወስ አለ። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣው ነው። «ትዝ አለኝ» በተባለ ጊዜ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነገሩ እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ሰውየው ተሳቢ ነው፤ ትዝታው የሚያርፍበት ሥፍራ ከመሆን ያለፈ ድርሻ የለውም። ሁለተኛው ግን ሥራ ነው። ተዝካር እንዲወጣ እህል ይሰፈራል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህን ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ዝክርም እንደዚሁ ወሩን ጠብቆ፣ ተራውን ተከትሎ ይወጣል። የሁለቱም ሥር «ዘከረ» የሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ደግሞ ይህ ሥር ሌላም ቅርንጫፍ አለው፤ ክርስቲያኑ የቅዱሱን ዝክር ሲያወጣ፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱ በሐድራው ተቀምጦ ዚክር ያደርጋል። ዐረብኛው «ዚክር» እና ግዕዙ «ዝክር» የአንድ የሴም ሥር ልጆች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ማስታወስ ማለት በቡድን ተሰብስቦ፣ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሥርዐት፣ ስምን ከፍ አድርጎ መጥራት ነው። በልብ ማሰላሰል ብቻውን ዝክር አይባልም።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ አልብዋክስ በ1925 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳው አሳብ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እንደ እርሱ አባባል ሰው ብቻውን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ቤተ ሰቡ፣ ሃይማኖቱ፣ መደቡ ባበጁለት ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ ነው። ማዕቀፉ ሲፈርስ ትዝታውም ይበተናል። አልብዋክስ በ1945 በናዚዎች የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ሞተ፤ የጋራ ትዝታን የሚመለከተው ሁለተኛው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከ5 ዓመት በኋላ ነበር። የሥራ ባልደረባው የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ማርክ ብሎክ፣ እርሱም በ1944 በጀርመኖች ጥይት የወደቀ፣ ለመጀመሪያው መጽሐፍ በጻፈው ሒስ አንድ ብርቱ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ትዝታው የጋራ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው በምን መንገድ ይሻገራል? በገጠር አባትና እናት ወደ እርሻ ሲወጡ ሕፃኑ ከአያቶቹ ጋር ቤት ይውላል፤ ትዝታም ከሽማግሌው በቀጥታ ወደ ሕፃኑ ይወርዳል፤ ለዚህም ነው የገበሬ ኅብረተሰብ ያለፈውን አጥብቆ የሚይዘው፤ የብሎክ መልስ ይህ ነበር። ይህን ለመረዳት የፈረንሳይን ገጠር ማወቅ አያሻም። የጃማን ወይም የቦረናን ደጋ ያየ ሁሉ ምድጃ ዳር የተቀመጠችውን አያትና በጉልበቷ ላይ የተደገፈውን ልጅ ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ሁለቱም ሊቃውንት ያላነሡት፣ የወሎ ታሪክ ግን አስገድዶ የሚያነሣው ጥያቄ ይመጣል። ማስታወስ እህል የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ፣ እህል በጠፋበት ዘመን የሞተውን ማን፣ በምን ያስታውሰዋል? ረሃብ እንደ ጦርነት ወይም እንደ ወረርሽኝ ያለ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጦርነት ጎልማሳውን ይወስድና ሙሾ የምታወርደውን እናት፣ ተዝካሩን የሚያወጣውን ወንድም ይተዋል። ረሃብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው አረጋውያንንና ሕፃናትን ነው። ብሎክ የትዝታ ሰንሰለት ብሎ ያሳየው የሁለቱ ዳር ቀለበት የሚበጠሰው በአንድ ወቅት ነው ማለት ነው፤ የሚነግረውም የሚሰማውም ይሞታሉ። በመካከል የሚቀረው ጎልማሳም እግሩ ወዳመራው ይሰደዳል። በወሎ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያስተዳድረው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ ቅሬ፣ አባላቱ ተበትነው መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያጣል። የ40 ቀን ድግስ የማይታሰብ ይሆናል። ረሃብ የራሱን መታሰቢያ አብሮ ይበላል።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል ኢትዮጵያን የመታው «ክፉ ቀን» ለዚህ ቀደምት ምስክር ነው። በምጽዋ በኩል ከገባ የከብት በሽታ ተነሥቶ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬም ማሳው ጦሙን አደረ። ያ ሁሉ እልቂት በጽሑፍ የተረፈው በአብዛኛው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው። በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ውስጥ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውና ሠራዊቱም ምሳሌያቸውን መከተሉ ይነገራል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሥዕሉም ያምራል። ነገር ግን አንባቢው ዶማውን ሲያይ ይቀርና መሬቱ ውስጥ የገባውን አያይም። ስለ ሟቹ የቀረው ስም ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የጊዜው ስም፤ ክፉ ቀን።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሃብ የተለየ መታወሻ አገኘ፤ ፊልም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀውና ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው ሥራ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ስም ነበረው። ስሙን በጥሞና መመርመር ተገቢ ነው። ያልታወቀው ለማን ነው? የሚሞተው ሰው ያውቀዋል፤ ቀባሪ ያጣው ጎረቤቱ ያውቀዋል፤ የአውራጃው ገዥም ያውቀዋል። ስሙ ራሱ ዐዋቂው ተመልካቹ እንደሆነ፣ ነገሩም መኖር የሚጀምረው እርሱ ሲያየው እንደሆነ ይናገራል። ፊልሙ እርዳታ አስገኝቷል፤ ብዙ ነፍስም አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ የሚያልፉት ፊቶች ስም የላቸውም። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው፣ ምን ያህል ጥማድ ያርስ የነበረ ገበሬ እንደሆነ አይነገርም።

ይኸው ፊልም አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁለተኛ ሕይወት አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የረሃቡ ምስሎች ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቁ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረቡ። በፊልም ጥበብ በኩል ሲታይ ይህ ቅንብር ብርቱ ነበር፤ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ አሳብ እንደሚወለድ የፊልም ሰዎች ዘወትር ያስተምራሉ። የተወለደው አሳብ ፍርድ ነበር፤ ፍርዱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በለንደን የአዛኙ መነጽር የነበረው ፊት አዲስ አበባ ሲደርስ የከሳሹ ማስረጃ ሆነ። ያን ማታ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው የከተማው ሰው ነው፤ በምስሉ ውስጥ ያለው ገበሬ አይደለም። ገበሬው በመጀመሪያውም ሆነ በሁለተኛው ትርጓሜ አልተጠየቀም።

ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» የተባለውን ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለዱን ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያሳትም ይህን ጉድለት ያየ ይመስላል። ብርሃኑ ጋዜጠኛም ደራሲም ነበር፤ አጭር ዐረፍተ ነገር የሚወድ፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ ከባዱን የቃላት ጌጥ ያቃለለ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል የወሎን ረሃብ ሲያነሣ ፊልሙ ሊያደርገው ያልቻለውን አደረገ፤ ለተራበው ሰው ቤት፣ ዘመድ፣ ያለፈ ሕይወት ሰጠው። ልብ ወለድ ከካሜራ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው፤ ካሜራ ሰውየውን የሚያገኘው ካለቀ በኋላ ነው፤ ደራሲ ግን ጎተራው ሳይጎድል ሊያገኘው ይችላል። ችግሩ ያለው በመጽሐፉ ንዑስ ርእስ ላይ ነው፤ «የአብዮት ዋዜማ» ይላል። ዋዜማ የራሱ ቀን የለውም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከነገው በዓል ነው። ሁለተኛው ክፍል መባቻ፣ ሦስተኛው ማግስት እየተባለ ሲቀጥል ረሃቡ ለሌላ ነገር መዳረሻ መንገድ ይሆናል። የሞተው ሰው የሞተው ለምን እንደሆነ በርእሱ ተነግሮታል። ይህ የአንድ ደራሲ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ታሪክን ከፍጻሜው ወደ መጀመሪያው ማንበብ የተለመደ ነበር። ነገር ግን ከ10 ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመልሶ ሲመጣ የዋዜማው ትርጓሜ ባዶ እጁን ቀረ። ዋዜማው አልፎ፣ በዓሉም ተከብሮ እያለ ያ ሞት እንደገና ከደጅ ቆሞ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ተከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ፤ የትግላችን ሐውልትም ተመረቀ። ስለ ረሃቡ ግን ዝምታ ነበር። ዝምታውን የሰበረው ጥቅምት 13 ቀን ማይክል ቢዩርክና ኬንያዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዜና ነው። ዜናው ከ400 በሚበልጡ ጣቢያዎች ታየ። ቢዩርክ ያየውን ሲገልጽ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አመሳሰለው፤ ንጽጽሩም በዓለም ሁሉ ተደጋገመ። ይህ አነጋገር ከሚያስነሣው ሐዘኔታ ይልቅ የሚያስቀረው ነገር ይበልጣል። የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ገበያ፣ ግብር፣ የጦር ግንባር፣ የእህል ኮታ የለውም፤ ረሃቡ ከሰማይ ብቻ የወረደ ይሆናል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በዚያው ዘመን ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ በጻፉት ጥናት የደከሙት ይህን የሰማይ መጋረጃ ለመግለጥ ነበር፤ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ከእጁ ላይ የሚወሰደውና ከኋላው የሌለው ነገር እንደሆነ አሳይተዋል። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት 600 ሺህ ሰው ነው። ተዝካር ያልወጣለት ዘመን ማለት ይህ ነው፤ ሞተ ወይም አልሞተም ተብሎ እንኳ ያልተቈረጠለት 600 ሺህ።

እንግዲህ የደጋው ሰው ራሱስ ዘመኑን እንዴት ያስታውሰዋል? የሚያስታውሰው በቁጥር ነው። «ሰባ ሰባት» ይላል፤ ዓመተ ምሕረትም ረሃብም አይጨምርበትም። አንዱ በሰባ ሰባት ጡት ላይ ነበር፤ ሌላዋ ለሰባ ሰባት ሁለት ዓመት ሲቀረው ተድራለች፤ የእገሌ በሬ የተሸጠው በሰባ ሰባት ነው። አየርላንዶችም ከ1845 ጀምሮ ድንች ጠፍቶ ሕዝባቸው ባለቀበት ዘመን የከፋውን ዓመት የሚጠሩት «ጥቁር አርባ ሰባት» እያሉ ነው። ሁለት ሕዝቦች፣ ሳይመካከሩ፣ ለአንድ ዐይነት ጥፋት አንድ ዐይነት ስም አወጡ። ቁጥር ምንም አይገልጽም፤ ስለዚህም ሁሉን ይሸከማል። የአየርላንድ ብሔራዊ የረሃብ ሐውልት በሙሪስክ የቆመው በ1997 ነው፤ ከጥቁር አርባ ሰባት 150 ዓመት በኋላ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ረጅም ዝምታ ነበር፤ ያም ዝምታ መርሳት አልነበረም።

ቁጥሩ ግን በሌላ በኩል ጨካኝ ፊት አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ በብዛትም ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ወደ መተከል የተወሰደው ጣና በለስ ደርሶ የገባው በተራ ቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ነው። የመጣበትን አገር ስሞች ማስታወስ ይበቃል። ወረ ኢሉና ወረ ሂመኖ «ወረ» ብለው ይጀምራሉ፤ በኦሮምኛ የእገሌ ወገን፣ የእገሌ ቤት ማለት ነው። ለጋሂዳ ወንዝን በሚያመለክተው «ለጋ» ይጀምራል። ከእነርሱ አጠገብ መካነ ሰላም በግዕዝ ይናገራል፤ አባ ጊዮርጊስም በዚያው በቦረና ባለችው በጋስጫ ስም ይጠራል፤ ሰዓታቱም እስከ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ይቆማል። በአንድ የገበያ መንገድ ላይ ሰው ሳያውቀው የሦስትና የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ይረግጣል። ከእንዲህ ያለ አገር ተነሥቶ «መንደር» ከሚል ቃልና ከአንድ አኀዝ ሌላ ስም ወደሌለው ሥፍራ መግባት፣ አልብዋክስ ማዕቀፍ ያለውን ነገር ከነሥሩ ተነቅሎ ማየት ነው።

የወሎ ዘፈን ይህን ሁሉ ይዞታል ወይ? ጥያቄው ለኪነ ጥበብ ሰው ቀላል አይደለም። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው ከወሎ ምድር ነው፤ ትዝታም ስሙ ራሱ ማስታወስ ነው። ከ1966 በፊት ወሎ በዘፈን የምትታወቀው በቁንጅና፣ በፍቅርና በለጋስነት ነበር። ከዚያ ወዲህ የውጭው ዓለም ሌላ ስም ሰጣት፤ በአገር ውስጥም የወሎ ሰው በሄደበት ከተማ የረሃብተኛ ቅጽል የተከተለው ጊዜ ነበር። ዘፈኑ ግን ይህን ቅጽል አልተቀበለም። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስትጫወት የሚሰማው ኩራትና ናፍቆት ነው፤ ልመና አይደለም። ይህን እንደ ሽሽት የሚቈጥሩ አሉ፤ ረሃብ ባለበት ስለ ፍቅር መዝፈን ዐይን መጨፈን ነው ይላሉ። ፍርዱ የቸኮለ ነው። ትዝታ ቅኝት የሚያንጐራጉረው ስለ ሄደውና ስለማይመለሰው ነው፤ የሄደው ማን እንደሆነ ግን ለሰሚው ይተወዋል። በሰባ ሰባት ወንድሙን በመንገድ ጥሎ ያለፈ ሰው አንድ የፍቅር ትዝታ ሲሰማ ማንን እንደሚያለቅስ ዘፋኙ ማወቅ አያስፈልገውም። ያም ሆኖ የዘፈኑ ብልሃት ድክመቱም ነው። ሐዘኑን ይሸከማል እንጂ የሟቹን ስም አያስተላልፍም። ሰሚው ሲሞት ወንድምየውም ከዘፈኑ ውስጥ ይወጣል።

ስም የሚያስተላልፈው ሙሾ ነው። ሙሾ በሥነ ቃላችን ውስጥ ለግለሰብ ከሁሉ ይበልጥ ታማኝ የሆነ ቅርጽ ነው፤ አስለቃሿ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ሙያውን፣ የለበሰውን፣ የዘራውን፣ ያበላውን እየጠራች ታወርዳለች። ከዲምብልቢና ከአሚን ካሜራ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ካሜራው አካል ያሳያል፣ ስም የለውም፤ ሙሾው ስም ይጠራል፣ አካሉ ተሸፍኗል። በረሃብ ዘመን የተደፈነው ይህ አፍ ነበር።

ጽሑፍም ሙሾም ባልደረሱበት የሚናገር ሌላ ምስክር አለ፤ ያም የሰው ገላ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን ጥቁር አፈርም የሚችል እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳ እርሱ ይበቅላል። ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይሰልላል፤ ዕድሜ ልኩንም በምርኩዝ ይሄዳል። ከ1995 እስከ 1997 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በደላንታና ዳውንት እንዲህ ያለ በሽታ በብዙ ሰው ላይ ደርሶ ሐኪሞች መዝግበውታል። የሰለለ እግር ክፉውን ዓመት ይዞ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ማንም ሳይጠይቀው ዓመቱን ይናገራል። ይህን ምስክር የእኛ ሠዓሊና ደራሲ እስካሁን እንደሚገባው አልሰሙትም።

ጀርመናዊው ያን አስማን እንዳስረዳው፣ በአፍ ብቻ የሚተላለፍ ትዝታ ዕድሜው ከ80 እስከ 100 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በጽሑፍ፣ በሥርዐት ወይም በሐውልት ካልተያዘ ይጠፋል። በሰባ ሰባት የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ዕድሜው ከ50 አልፏል። ያየውን ለልጅ ልጁ ለመንገር የቀረው ጊዜ የታወቀ ነው። ሥርዐቱን ግን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ በአገሩ አለ። ሰው በሩቅ ሞቶ ወሬው ዘግይቶ ሲመጣ መርዶ ይነገራል፤ ለቅሶው አስከሬን ሳይኖር ይቆማል፤ የሟቹ ልብስ ወይም መሣሪያ ወይም ፎቶግራፉ በመካከል ይቀመጣል፤ ሙሾውም በዚያ ላይ ይወርዳል። ካህኑ አካል በሌለበት ፍትሐት ያደርሳል፤ ሙስሊሙም በሌለበት ለሞተው የሚሰገደውን ሰላተል ጋኢብ ይሰግዳል። መርዶ የዘገየ ነው ተብሎ አይቀርም፤ 10 ዓመት ቢያልፈውም ይነገራል፤ የሰማውም ያን ዕለት እንደሞተ አድርጎ ያለቅሳል። በአማርኛ ድርሰት ውስጥ የሰባ ሰባትን ሟች በዚህ ቅርጽ፣ በስሙና በልብሱ፣ በመካከል አስቀምጦ የሚያረዳ ልብ ወለድ ወይም ቴአትር ገና ይጠበቃል። ሊያረዱት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ አሁንም በደጎሎና በመካነ ሰላም፣ በፓዌም በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች አሉ።